ጡረታ የወጡ ሦስት የወተት ፍየሎች አሉኝ፤ እንዴት ላኑራቸው?

ጡረተኛው መምህር (ቢሾፍቱ) - ሰኔ 6

ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄዬን ስታነቡ አትሳቁ። እሺ ሳቁ፣ ግን ከሳቃችሁ በኋላ መልሱልኝ።

እኔ ራሴ ጡረታ ከወጣሁ አራት ዓመቴ ነው። ሠላሳ ስድስት ዓመት ሒሳብ አስተማርኩ። አሁን ከቢሾፍቱ ወጣ ብሎ ባለችኝ ግቢ ጎመን፣ ቲማቲም፣ ጥቂት ዶሮና ሰባት ፍየሎች አሉኝ። ከሰባቱ ሦስቱ እንደኔው ጡረተኞች ናቸው። ልዩነታችን፣ እኔ በየወሩ ትንሽም ብትሆን አበል አለኝ። የእነሱን አበል የምከፍለው እኔ ነኝ።

ትልቋ ወይዘሮ ትባላለች። አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። ጆሮዋ ረጅምና የተንጠለጠለ፣ አፍንጫዋ ጎበጥ ያለ፣ የኑቢያን ድቅል ናት። ስሙን ያወጣችላት ባለቤቴ ናት። ስትራመድ ነጠላዋን ያጣፋች ሴት ነው የምትመስለው፤ ጭቃ አትረግጥም። በደህናው ዘመኗ ጠዋትና ማታ ተደምሮ ሁለት ሊትር ትሰጠን ነበር። ደመወዜ ከወር ወር በማይደርስበት ጊዜ ወተቷን ለጎረቤት እየሸጥን የታናሿን ልጄን የኮሌጅ ትራንስፖርት ችለናል። አሁን ከስታለች። ሳሩን ትግጣለች፣ ታላምጣለች፣ ከዚያ እርጥብ ጥቅልል አድርጋ ትተፋዋለች። ጠዋት ጋጣውን ስጠርግ እንደ እንቁላል የሚያካክል የሳር ድቡልቡል አምስት ስድስት አገኛለሁ።

ሁለተኛዋ ዳልቻ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ከወለደች ሁለት ዓመት አልፏታል፣ ግን አልነጠፈችም። በቀን አንድ ብርጭቆ ትሰጣለች። ወተቱን አልፈልገውም። ግን ግቷ ሲወጠር አያለሁና አዝኜ አልባታለሁ። በነጋታው ያው ነው። እሷም አልተወችኝ፣ እኔም አልተውኳት።

ሦስተኛዋ ጉሬዛ ስምንት ዓመቷ ነው። ከሦስቱ ትንሿ፣ ከሦስቱ ወፍራሟ። ጠዋት ስትነሳ ታቃስታለች። የፊት ጉልበቶቿ አብጠዋል። ሰሞኑን ተንበርክካ መብላት ጀምራለች። ሰኮናዋም እንደ ጫማ አፍንጫ ወደ ላይ ዞሯል። ይሄኛው የኔ ጥፋት ነው። ወገቤን ካመመኝ ወዲህ ሰኮና መቁረጥ ትቻለሁ።

ሌላም ጥፋት ልናዘዝ። መጋቢት ላይ ከአንድ ሱቅ የትል ክኒን ገዛሁ። ሻጩ «ለሁሉም ይሆናል» አለኝ። ለሰባቱም ግማሽ ግማሽ አደረግኩላቸው። ሒሳብ አስተማሪ ሆኜ የ20 ኪሎዋንና የ45 ኪሎዋን እኩል ሰጠሁ። ለውጥ አላየሁም።

ጎረቤቶቼ «ለፋሲካ ሽጣቸው» ብለው ነበር። ፋሲካ አለፈ። አሁን «ለእንቁጣጣሽ ሽጣቸው» ብለዋል። ባለቤቴ ደግሞ «ዳልቻንና ጉሬዛን እንደፈለግክ አድርግ፣ ወይዘሮ ግን ከዚህ በር አትወጣም» ብላለች። ስለዚህ በወይዘሮ ጉዳይ ክርክሩ ተዘግቷል። እኔ የምፈልገው ክረምቱ ሳይጠና ጥርስ የሌላትን ምን እንደማበላ፣ እምቢ ያለችዋን እንዴት እንደማነጥፍ፣ የጉልበቱ ነገር ደግሞ ምን እንደሆነ ነው። አንድ ወዳጄ «ዳልቻን አውራ አስገናኛት፣ ብትወልድ ትስተካከላለች» ብሎኛል። እውነት ነው?


የአድአ ገበሬ - ሰኔ 6

ጋሼ፣ ከልብ ነው የምልህ፣ አትቀየመኝ። ፉርሽካ እንደ ወርቅ በሚሸጥበት ዘመን ለማትወልድ፣ ለማትታለብ ፍየል መኖ መግዛት ቅንጦት ነው። አባቴ ጥርሷ የሳሳችን ፍየል ክረምት አያስገባም ነበር። ጭካኔ አይደለም። «ክረምት ከሚገድልብኝ ሰው ይብላት» ነው ነገሩ። ወይዘሮን ተዋት፣ የቤት እመቤት ፈርዳለች። ሁለቱን ግን አሁን ሽጥ። በጣም ከከሱ በኋላ ገበያም አይቀበላቸው።


ሐኪሟ (አዳማ) - ሰኔ 7

ጋሼ መምህር፣ ሰላም ነዎት? የእንስሳት ሐኪም ነኝ። በአብዛኛው የማክመው ላምና ዶሮ ነው፣ ግን የምወደው ፍየል ነው። ረዘም ያለ መልስ ስለምጽፍ ቡና ያስፈሉ።

ከመጨረሻው ልጀምር። ዳልቻን አያስገናኙ። ያረጀች ፍየል መንታ ብታረግዝና በቂ ምግብ ባትወስድ በመጨረሻዎቹ ሳምንታት እናትም ግልገልም ይዞ የሚሄድ በሽታ አለ። እርግዝናው አምስት ወር ነው፤ በአምስተኛው ወር ላይ መጸጸት ዋጋ የለውም። ወጠጤ ካለዎትም ከሦስቱ ይለዩት።

ዳልቻ ያልነጠፈችው እርስዎ ስለሚያልቧት ነው። ግት ባዶ በሆነ ቁጥር «ገና ይፈለጋል» የሚል መልእክት ነው ለሰውነቷ የሚደርሰው። «ትንሽ ላቅልልላት» ብሎ በየቀኑ ግማሽ ብርጭቆ ማለብ ደግሞ ጭራሽ ያራዝመዋል። ስለዚህ ፋጉሎውን፣ ፉርሽካውን፣ አልፋልፋውን ያቁሙ። ደረቅ ሳር ወይም የጤፍ ጭድ ብቻ ይስጧት። ውኃ ግን አይከልክሏት፣ አንዳንድ ሰው ይከለክላል፣ ስህተት ነው። ከዚያ ማለብዎን በአንድ ቀን ያቁሙ። በቀን አንድ ብርጭቆ ለምትሰጥ ፍየል ቀስ በቀስ ማድረግ አያስፈልግም። ግቷ ሁለት ሦስት ቀን ይወጠራል፣ ትጮህብዎታለች፣ እርስዎም ያዝናሉ። ይታገሱ። ያ ውጥረት ነው ወተቱን የሚያቆመው። የተጠራቀመውን ሰውነቷ መልሶ ይወስደዋል። በቀን ሁለቴ በእጅዎ ይዳስሷት። አንዱ ጎን ከሌላው ተለይቶ ከሞቀ፣ ከጠጠረ፣ ከቀላ፣ ወይም መኖ ከተወች ያ የግት በሽታ ነው፤ ሐኪም ይጥሩ። የምትተኛበት ደረቅ ይሁን። በጭቃ የሚተኛ ግት በሽታ ይጠራል።

አሁን ወደ ወይዘሮ። ፍየል ከላይ የፊት ጥርስ እንደሌላት ያውቃሉ። ብዙ ሰው ግን አርጅታ የወለቀ ይመስለዋል። ከታች ስምንት አላት። ዓመት ገደማ ሲሞላት መካከለኞቹ ሁለቱ ይቀየራሉ። ከዚያ በየዓመቱ ሁለት ሁለት እየተቀየሩ አራት ዓመት ላይ ስምንቱም ትልልቅ ይሆናሉ። ከዚያ ወዲያ መራራቅ፣ መሳሳት፣ መሰበር ነው። ጥቅልል አድርጋ መትፋቷ ግን የፊት ጥርስ ጉዳይ አይደለም። የመንጋጋ ነው። አንዱ ወልቆ ወይም ተሰብሮ ትይዩው ሹል ሆኖ በቅሎ ጉንጯን እየወጋት ሊሆን ይችላል። ጣትዎን ግን ወደ ኋላ እንዳያስገቡ! የፍየል መንጋጋ መቀስ ነው። ከውጭ ጉንጯን በመንጋጋዋ አቅጣጫ ቀስ ብለው ይጫኑት። አንድ ቦታ ላይ ጭንቅላቷን ከነጠቀች ወይም አፏ ከሸተተ፣ አፍ መክፈቻ መሣሪያ ያለው ሐኪም ይይላት።

እስከዚያው የእሷን የማኘክ ሥራ እርስዎ ይሥሩላት። ሳሩንና አልፋልፋውን የጣት ጥፍር እስኪያክል ይክተፉት። ፉርሽካ ለብ ባለ ውኃ ግማሽ ሰዓት ዘፍዝፈው እንደ ገንፎ ላላ አድርገው ይስጧት። በሁለት እፍኝ ይጀምሩና በሁለት ሳምንት ውስጥ በቀን ከ300 እስከ 400 ግራም ያድርሱት፣ ጠዋትና ማታ ተከፍሎ። ትንሽ የኑግ ፋጉሎ ቢገባበት ጥሩ ነው። የሚላስ ጨው አይለያት። ደግሞ ለብቻዋ ትብላ። ያረጀች ፍየል በመንጋው ውስጥ ማዕረጓ ይወርዳል። እርስዎ ስድስት ሰዓት ላይ ለሁሉም ያቀረቡት መኖ ለእሷ የሚደርሳት ስድስት ሰዓት ከሩብ ላይ ነው፣ ከተረፈ። ስትበላ ይለዩዋት፣ ከዚያ ይመልሷት። ለብቻዋ ቆልፈው አያኑሯት፤ ብቸኛ ፍየል በልታም አትሰባም።

ክሳቱ ግን ከጥርስ ብቻ ላይሆን ይችላል። የታችኛውን የዓይን ሽፋን ገለጥ አድርገው ይዩ። ውስጡ ቀይ ወይም ደማቅ ሮዝ ከሆነ ደህና ነው። ከገረጣ ብዙ ጊዜ ደም የሚመጥ የጨጓራ ትል አለባት ማለት ነው። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ለዚህ የተሠራ ፋማቻ የሚባል የቀለም ካርድ አለ፤ ከ1 እስከ 5 ይቆጥራል፣ 4ና 5 አደጋ ነው። ማታ ከመንጋጋዋ ሥር የውኃ እብጠት ካዩም ያው ነው። ይሄ ትል ሙቀትና እርጥበት ይወዳል፤ ክረምት ደግሞ በደጅ ነው።

ክኒኑን በተመለከተ፣ አልቆጣዎትም። ሁሉም የሚያደርገው ነው። ግን ያነሰ መጠን ትሉን አይገድለውም፤ መድኃኒቱን ያለማምደዋል። በዚያ ላይ ፍየል ከበግ ይልቅ መድኃኒትን ቶሎ ከሰውነቷ ታስወጣለች። በማሸጊያው ላይ ለበግ የተጻፈው መጠን ለእሷ ብዙ ጊዜ ያንሳል። ስለዚህ በጠጥ አስመርምረው፣ መዝነው፣ ለሚያስፈልጋት ብቻ፣ መጠኑን ሐኪም ተናግሮ።

ጉሬዛ ሦስት ነገር ተደርቦባታል። ውፍረት፣ ሰኮና፣ መገጣጠሚያ። ጥርሷ ደህና ከሆነ ጥራጥሬና ፋጉሎ ምን ያደርግላታል? ሳርና ቅጠል ይበቃታል። ፍየል ስብን የምታጠራቅመው ከቆዳዋ ሥር ሳይሆን ሆዷ ውስጥ ነው፣ ስለዚህ ወፈረች ብለው ከማየትዎ በፊት ወፍራለች። ሰኮናዋን በአንድ ቀን ልጨርስ አይበሉ። በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ ይቁረጡ፣ ሮዝ ቀለም ሲያዩ ያቁሙ። ዝናብ ካረጠበው በኋላ እንደ ድንች ይላጣል። ከተስተካከለ በኋላ በየስድስት እስከ ስምንት ሳምንቱ። ወገብዎን ካመመዎት የሰፈር ልጅ ያስተምሩ፣ አስተማሪ አይደሉ?

ጉልበቷ ተራ የእርጅና ቁርጥማት ሊሆን ይችላል። ከውጭ ዘር ጋር በተዳቀሉ የወተት ፍየሎች ላይ ግን አንድ ቫይረስም አለ፤ ስሙ ሲኤኢ ነው። የፊት ጉልበት ያሳብጣል። መድኃኒት የለውም፣ ሰው ላይም አይተላለፍም። ከእናት ወደ ግልገል በእንገርና በወተት ይሄዳል። የደም ምርመራ ይለየዋል። ለሕመሟ ሐኪም የሚሰጠው መርፌ አለ። የእርስዎን የወገብ ክኒን ግን እንዳያካፍሏት፣ እለምንዎታለሁ።


የጉርሱም ልጅ - ሰኔ 8

መምህር፣ ስለ ወይዘሮ ጆሮ ያነበብኩ ጊዜ ልቤ ድንግጥ አለ። እኔ ምሥራቅ ሐረርጌ ነው ያደግኩት። በ1980ዎቹ ፋርም አፍሪካ የሚባለው ድርጅት እኛ አካባቢ ከሱማሌ ፍየል ጋር የተዳቀሉ የኑቢያን ፍየሎችን ለሴቶች ይሰጥ ነበር። በዱቤ ነው። ገንዘብ አይደለም የሚመለሰው፣ ግልገል ነው። አክስቴ አንድ ደርሷት ነበር። መጀመሪያ ሰፈሩ «ይቺ ውሻ ናት ፍየል?» ብሎ ሳቀባት፣ በጆሮዋ ምክንያት። ማለብ ስትጀምር ሳቁ ቆመ።

ያቺ ፍየል አርጅታ ስትነጥፍ አክስቴ አልሸጠቻትም። ምክንያቷ ፍቅር ብቻ አልነበረም። ፍየሏ መንገድ ታውቅ ነበር! ጠዋት መንጋውን እየመራች ትሄዳለች፣ ማታ ጅብ ሳይወጣ ትመልሳለች። እረኛው የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበር። ማን ማንን እንደሚጠብቅ እንጃ። ከእናታቸው የተለዩ ግልገሎችም እሷ ሥር ነበር የሚተኙት። መኖዋ ደግሞ ገራባ ነው። የጫት ትራፊ ሐረር ላይ ፍየል ነው የሚጠርገው። ቢሾፍቱ ገራባ ታገኝ እንደሆነ አላውቅም፣ ግን ለስላሳ ቅጠል ለድዳም ፍየል ከሳር ይሻላታል። ሳስፓኒያና ሉኪኒያ የሚባሉትን የመኖ ዛፎች አጥር ላይ ብትተክል በዓመቱ ትቆርጣለህ። ሉኪኒያን ብቻውን አታብላ፣ ከሌላ ጋር አደባልቀው።

አንድ ነገር ብቻ ተጠንቀቅ፣ ሊጥ! ጥርስ የሌላት ፍየል ለስላሳ ነገር ትፈልጋለችና ማድ ቤት ትለምዳለች። የእኛ ሁለተኛዋ ፍየል ቡሃቃ ሙሉ የእንጀራ ሊጥ በላች። በማግስቱ ሆዷ ተነፍቶ፣ እያንገዳገዳት፣ በሦስተኛው ቀን ሞተች።


ወተት ወዳጅ - ሰኔ 8

ከርእሱ ትንሽ ልውጣ። ዳልቻ የምትሰጠውን አንድ ብርጭቆ ጥሬውን ብትጠጣው አይሻልም? የፍየል ወተት ጥሬውን ለሳንባ መድኃኒት ነው ሲሉ ሰምቻለሁ።


ሐኪሟ (አዳማ) - ሰኔ 9

አይሻልም። አፍልተው! የፍየል ወተት ውርጃ በሽታን፣ ማለትም ብሩሴሎሲስን፣ ወደ ሰው ያስተላልፋል። ወራት የሚቆይ ትኩሳት፣ ላብ፣ የመገጣጠሚያ ሕመም። ታመው የማውቃቸው ሰዎች አሉ፤ አንዳቸውም ለሁለተኛ ጊዜ ጥሬ አልጠጡም።

የጉርሱሟ እህት ስለ ሊጥ ያለችው ልክ ነው። ዳቦ፣ ስንዴ፣ የተረፈ እንጀራ በብዛትም ያው ነው። ጨጓራዋ ውስጥ አሲድ ይሆናል። መምህር፣ እግረ መንገድ ሌላም ያስታወሰኝ ነገር አለ፤ ወይዘሮ ከግቢ ትወጣለች? ፌስታል የበላች ፍየል ሆዷ ሞልቶ እየታየ ትከሳለች። በግራ ጎኗ ከጎድን አጥንቷ ኋላ ያለውን ጎድጓዳ ቦታ በጡጫዎ ጫን አድርገው ይጠብቁ። ጨጓራዋ በደቂቃ አንድ ሁለቴ እጅዎን ገፋ ሊያደርገው ይገባል።


ጡረተኛው መምህር (ቢሾፍቱ) - ሰኔ 14

ዶክተር፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የአድአው ወንድሜንም። ልክ ነህ፣ ቅንጦት ነው። እኔ ሲጋራ አላጨስ፣ ድራፍት አልጠጣ፤ ቅንጦቴ ወይዘሮ ትሁን።

የቤት ሥራዬን ሠርቻለሁ። የጎረቤታችን ልጅ ወይዘሮን አቅፎ ሚዛን ላይ ወጣ። ከዚያ ብቻውን ወጣ። ተቀናሽና ቀናሽ። 34 ኪሎ። በሚያምርባት ጊዜ 50 ታልፍ እንደነበር እገምታለሁ። የወገቧ አጥንት ጣት ይቆረቁራል። የዓይኗ ሽፋን ግን ሮዝ ነው፣ ደስ አለኝ። ጡጫዬን ጎኗ ላይ አድርጌ ሦስት ደቂቃ ቆምኩ። ገፋ፣ ገፋ አደረገኝ። አምስት ጊዜ ቆጠርኩ። ባለቤቴ በመስኮት አይታ «ፍየሏን ምን እያስማልካት ነው?» አለችኝ።

የገረጣ ዓይን የተገኘው ያልጠረጠርኩት ላይ ነው፤ ከወጣቶቹ አንዷ፣ አሁን የምትታለበው። ወረቀት የመሰለ ነጭ። ሦስቱን አሮጊቶች ሳይ ጠቃሚዋን ላጣ ነበር። የሰባቱንም በጠጥ በየፌስታሉ አስሬ፣ ስም ጽፌ አስመርምሬያለሁ። መድኃኒት የታዘዘው ለሁለት ብቻ ነው። አንዷ እሷ ናት፣ ሌላዋ ጉሬዛ።

የወይዘሮን አፍ እዚሁ ቢሾፍቱ አንድ ወጣት ሐኪም አይቶልኛል። በግራ በኩል ከላይ አንድ መንጋጋ የለም፤ ከታች ትይዩው እንደ ሚስማር ወጥቷል። ሞረደው። ጉንጯ ውስጥ ቁስል ነበረ። ምን ያህል ጊዜ እያመማት ዝም እንዳለች እንጃ። ሐኪሙ ስለ ክትባትም ጠየቀኝ። «ለአሮጊት ምን ያደርጋል?» ብዬ ነበር። «ጋሼ፣ የፍየል ወረርሽኝ (ፒፒአር) መታወቂያ አያይም» አለኝ። እውነቱን ነው። ክትባቱ የሚሠራው እዚሁ ከተማችን፣ ብሔራዊ የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት ውስጥ ነው። እኔ በሩ ላይ ስመላለስ ኖሬ የራሴን ፍየሎች አላስከተብኩም። ዓለም ያንን በሽታ እስከ 2030 ላጥፋው ብሎ ሲነሳ እኔ ሦስት አሮጊት ደብቄ ተቀምጫለሁ።

ዳልቻን ማለብ ካቆምኩ አራተኛ ቀኔ ነው። የመጀመሪያው ሌሊት ጮኸች። ሁለተኛውም። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ባለቤቴ ጣሳውን ደበቀችብኝ፣ ታውቀኛለችና።


የአድአ ገበሬ - ሰኔ 15

መምህር፣ የኔን ምክር ጥለህ እንኳ ደህና አደረግክ አልልም። ግን ዶክተሯ የጤፍ ጭድ ብቻ ስትል ስላየሁ ነው። የጤፍ ጭድ ሆድ መሙያ ነው። እኛ ጋ የምስርና የሽንብራ ገለባ አለ፤ ይሄኛው ሥጋ ያለው ገለባ ነው። ደቀቅ ያለም ስለሆነ ድዳሟ ትችለዋለች። አቧራው እንዳያስላት ውኃ አርከፍክፍበት። እኔ ለአሮጌ በሬዬ እንደዚያ ነው የማደርገው።

አዎ፣ አሮጌ በሬ አለኝ። ማንም ምንም እንዳይል።


የጉርሱም ልጅ - ሰኔ 15

ሃሃሃ። የበሬው ስም ማን ይባላል?


ጡረተኛው መምህር (ቢሾፍቱ) - ነሐሴ 9

ስንት ሳምንት ጠፋሁ። ዝናቡ መብራቱንም ኔትወርኩንም ይዞት ሄዶ ነበር። የሆነውን ልንገራችሁ።

ዳልቻ በአሥራ ሁለተኛው ቀን ነጠፈች። ግቷ ተሸብሽቦ ባዶ ቦርሳ መስሏል። አንድም ቀን አልሞቀም። ፀጉሯ ተመልሶ አበራ። አሁን ሥራ አላት፤ ከእናታቸው የለየናቸውን ሁለት ግልገሎች አብራቸው ታድራለች። የጉርሱሟ እህቴ እንዳለችው ሥሯ ይተኛሉ። ሊጠቧት ይሞክራሉ፣ በእግሯ ትገፋቸዋለች፣ እንደገና ይተኛሉ። እሷን መሸጥ የሚለው ሐሳብ በዚሁ ቀረ።

ወይዘሮ 38 ኪሎ ገብታለች። አራት ኪሎ በስምንት ሳምንት። የተዘፈዘፈ ፉርሽካ፣ የተከተፈ አልፋልፋ፣ ጠዋት ጠዋት አንድ እፍኝ ፋጉሎ። ጥቅልሉን አሁንም አልፎ አልፎ ትተፋለች፣ ግን በሳምንት ሁለት ሦስት ነው። የምትበላበት ሰማያዊ ሳህን አላት። በእርግጥ የባለቤቴ የልብስ ማጠቢያ ነበር፣ ተወስዷል። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ካልደረስኩ በቀንዷ በሩን ትደበድባለች። ጎረቤት ሌባ መስሎት አንድ ቀን በዱላ ወጥቷል። ወለሉን ከመሬት ከፍ አድርጌ በጣውላ ሠራሁት፣ በየመሃሉ ጣት የሚያህል ክፍተት አለው። በጠጡ ወደ ታች ይወድቃል፣ እሷ ደረቅ ትተኛለች። ከሥሩ የምዝቀው ለጎመኑ ነው። ዘንድሮ ጎመኔን ብታዩት!

ጉሬዛ ላይ ደስ የሚል ወሬ የለኝም። ደሟ ተመርምሮ ዶክተር የጠረጠሩት ቫይረስ ተገኝቷል። ሰኮናዋን የጎረቤቴ ልጅ በአምስት ሳምንት አስተካክሎታል፣ ጎበዝ ወጥቶታል፣ አሁን ለሌሎችም በክፍያ ይቆርጣል። ክብደቷንም ቀንሳለች። በፀሐይ ቀን ራሷ ተነስታ እስከ አጥሩ ትሄዳለች። በዝናብ ቀን ግን እኔ ነኝ የማነሳት፤ ሁለት ጡረተኛ ተደጋግፎ። ሐኪሙ በመርፌ ሕመሟን ያስታግስላታል። እውነቱን ነገረኝ፣ መነሳት ያቃታት ቀን እንዳላቆያት። ባለቤቴም እኔም ተስማምተናል። ፍልሰታ ገብቷል። ከመርፌው በኋላም ሥጋዋ እስኪጠራ የሚቆጠር ቀን አለ። ስለዚህ ለጊዜው በሁለት ሕግ ተጠብቃለች። ዛሬ ጠዋት ፀሐይ ወጥቶ ስለነበር ሾላው ሥር ተኝታ ታመሰኳ ነበር።

አንድ ጥያቄ ቀርቶኛል ለዶክተር። የጉሬዛ ሁለት ልጆች እኔው ጋ ናቸው፣ የሦስትና የአራት ዓመት። አንዷ ያቺ ዓይኗ ገርጥታ የነበረችው ናት፤ አሁን ድናለች፣ ወተቷም ተመልሷል። ጉልበታቸው ደህና ነው። ጠብተዋት ነው ያደጉት። እነሱንም ላስመርምር? ታናሽየዋ ጥቅምት ላይ ትወልዳለች።


ሐኪሟ (አዳማ) - ነሐሴ 9

ያስመርምሩ፣ ዛሬ ነገ ሳይሉ። ከተገኘባት ጥቅምት ላይ ግልገሉን ሳይጠባት ወዲያው ይነጥቁትና ከሌላ ጤነኛ ፍየል እንገር ይስጡት። ከሌለ የላም እንገር ይሆናል። አሁኑኑ የሚወልድ ላም ያለው ጎረቤት ያፈላልጉና እንገር በላስቲክ ጠርሙስ በረዶ ቤት ያስቀምጡ። ግልገሉ በተወለደ በመጀመሪያዎቹ ስድስት ሰዓታት ውስጥ ሊደርሰው ይገባል።

ለወይዘሮ ሰላምታ ያድርሱልኝ።


ጡረተኛው መምህር (ቢሾፍቱ) - ነሐሴ 10

እሺ ዶክተር። ማቀዝቀዣው ውስጥ ቦታ ባለቤቴን አስፈቅጃለሁ፣ በሁለተኛው ቀን ተፈቅዷል።

የአድአው ወንድሜ፣ የምስር ገለባህን ስንት ነው የምትሸጠው? ሃያ ጆንያ እፈልጋለሁ። መኪና እኔ አመጣለሁ። የበሬውንም ስም ንገረን እንጂ።


የአድአ ገበሬ - ነሐሴ 10

ገለባው እስከ ኅዳር የለም፣ አዲሱ ሲወቃ ደውልልኝ። ያለኝ ስድስት ጆንያ ነው፣ ና ውሰደው፣ ዋጋ የለውም።

በሬው ጌታው ነው የሚባለው።